ብዕርና ኅብለ ሰረሰር

ነቀርሳ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚሣለው ከአንዱ አካል ተነሥቶ ወደ ሌላው የሚዛመት ደዌ ነው። በአከርካሪ አጥንት ላይ የሚገኘውም ነቀርሳ አብዛኛውን ጊዜ ከጡት፣ ከሳንባ ወይም ከፕሮስቴት ተነሥቶ የመጣ ነው። በራሱ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሚበቅለው ዕጢ ጠባዩ ሌላ ነው። ከነርቭ ሥርዓት ወጥቶ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጉበት የሚዘልቀው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ይሁን እንጂ አለመጓዙ ምሕረት አይደለም። ከአንጎል ወደ እግር የሚወርደው ትእዛዝ ሁሉ በዚያች ከጣት በማትወፍር መንገድ ስለሚያልፍ፣ ዕጢው ከተቀመጠበት ሳይነሣ እግርን ያስራል።

ይህን በገዛ ሰውነቱ ያየው አሜሪካዊው ገጣሚ፣ ልብ ወለድ ደራሲና ጸሐፌ ተውኔት ሬይኖልድስ ፕራይስ ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና ተወልዶ፣ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የሚልተንን ግጥሞች ያስተምር ነበር። በ1984፣ በ51 ዓመቱ፣ በኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ ረጅም ዕጢ ተገኘ። ሐኪሞች ሙሉ በሙሉ ሊያወጡት አልቻሉም፤ የጨረር ሕክምና ተከተለ፤ እግሮቹም ከዱት።

ብዕሩም ለወራት ዝም አለ። ቃል የራቀው እጅ ሥዕል ይሥል ነበር። በአርካንሳስ የሚገኘው ሄንድሪክስ ኮሌጅ ተውኔት እንዲደርስለት ሲጠይቀው ግን «የነሐሴ በረዶ»ን ጻፈ። ከወንበሩ መነሣት ያልቻለው ሰው በመድረክ ላይ ሌሎችን ያስነሣ፣ ያስገባና ያስወጣ ጀመር። ቀድሞ የጀመረው «ኬት ቬይደን» የተሰኘው ልብ ወለዱም በ1986 ታትሞ የአሜሪካን የመጻሕፍት ሐያስያን ማኅበር ሽልማት አገኘ።

ይህን ታሪክ «መከራ ከያኒን ይወልዳል» ብሎ መተርጎም ግን ስሕተት ይሆናል። በ1986 አዲስ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ባይደርስለት፣ የማያቋርጠውን ሥቃይ በሂፕኖሲስ መግዛትን በ1987 ባይማር፣ አብረውት የኖሩ ረዳቶችም ባያነሡትና ባያስተኙት፣ ብርታት ብቻውን ለ26 ዓመታት ባላዘለቀው ነበር።

በ1994 ባሳተመው የሕመሙ ታሪክ ያስገነዘበውም ጽኑ ነው፤ የትናንቱ ሰው ሞቷል፤ ለእርሱ አልቅሶ፣ ነገ ማን እንደሚነሣ መጠየቅ ይገባል። እርሱም ጠይቆ፣ ከሕመሙ በፊት ከጻፋቸው የሚበልጡ መጻሕፍት አበረከተ። በ2011፣ በ77 ዓመቱ አረፈ።

ደዌው እግሩን ወሰደ። ወደ ሌላው አካሉ አለመዛመቱ የዕጢው ጠባይ ነበር፤ ወደ ቃሉ አለመዛመቱ ግን የሰዎች ሥራ ነው።