ከአብዮቱ በፊት የተነበበ መጽሐፍ

አሜሪካ ውስጥ «የአጎት ቶም ጎጆ» የተባለው ልብ ወለድ የባርነትን ግፍ በየአንባቢው ቤት ይዞ ገባ፤ በ9 ዓመቱ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጡብኝ የጎጃሙ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው።

የእሳቸው ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ብዙዎቻችን የምናወራው ስለ ፍቅረኞቹ ስለ ሰብለና በዛብህ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚይዘኝ የገበሬዎቹ ነገር ነው። ጌታቸው ፊታውራሪ መሸሻ ግብር ሊጨምሩባቸው ሲሉ ገበሬዎቹ እምቢ አሉ፤ ሊቀጧቸው ሲዘምቱባቸውም ማረኳቸው። ጌታ በጭሰኛ እጅ ሲወድቅ ማሳየት በዚያ ዘመን ቀላል ድፍረት አልነበረም። እውነቱን የሚናገረው ጉዱ ካሳ ደግሞ እንደ እብድ ይቆጠራል።

በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውሞ ተነሣ። ያነሣሣው መጽሐፉ ነው አልልም፤ ገበሬው ብሶቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የከተማው አንባቢ፣ ተማሪውና ሹሙ ግን ያንን ብሶት በልብ ወለድ ቀመሱት። በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ፣ በ1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ፣ ጭሰኛው በብዙ አንባቢ ልብ ውስጥ ቀድሞ ሰው ሆኖ ነበር። ለእኔ የደራሲ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። መጽሐፉን ለልጆቻችሁ አስነብቡ።