ኢትዮጵያ የሌለችበት ዝርዝር

በዚህ የኑሮ ውድነት ዘመን ስለ ኢንተርኔት ጨዋታ የሚጽፍ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሥራ ፈት መስሎ ሊታይ እንደሚችል አላጣሁትም። ይሁን እንጂ ጉዳዬ ጨዋታው አይደለም፤ በሩ ነው። በሩን ማን ሠራው? ቁልፉን የያዘው ማን ነው? ለመግቢያ የሚከፈለው ገንዘብስ የየትኛው አገልግሎት ዋጋ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደሉም። አባቶቻችን በኬላና በኮታ፣ እኛ በውጭ ምንዛሪ ወረፋ ስንጠይቃቸው ኖረናል።

እህል በረንዳን የሚያውቅ ሰው ኬላ ምን እንደሆነ ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያሻውም። ጣሊያን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ አዲስ ከተማ ካዛወረው ወዲህ መርካቶ የአገሪቱ ሆድ ሆኗል፤ እህል በረንዳ ደግሞ ቃል በቃል። ጤፉ፣ ስንዴው፣ በቆሎው ከመኪና ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ሚዛን የሚወርደው እዚያ ነው። በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበሬውን በኮታ ሲይዘው፣ ነጋዴው ደግሞ በፈቃድና በኬላ ታጥሮ ነበር። እህል ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እንደ ልብ አይሻገርም ነበር፤ በተረፈበት ዋጋው ወድቆ፣ በጎደለበት ሰማይ እየነካ ይውል ነበር። ያ አጥር የላላው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ነው። ዛሬም ቢሆን ጤፍ በተወደደ ቁጥር የኬላ ነገር መነሣቱ አልቀረም።

በዚሁ በረንዳ ከኬላ ጋር ፈጽሞ መምታታት የሌለበት ሌላ ሰው አለ፤ ደላላው። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የምርት ገበያን እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ከማስጀመራቸው ከዓመታት በፊት፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬታቸው ያጠኑት የእህል ነጋዴዎችንና የእነዚህን ደላሎች ሥራ ነው። የማይተዋወቁ ሁለት ነጋዴዎች፣ አንዱ ከክፍለ ሀገር አንዱ ከአዲስ አበባ፣ ሳይተያዩ የሚገበያዩት ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ሰው በመካከል ስላለ ነው። ደላላው ኮሚሽን ይቀበላል፤ ነገር ግን ለተቀበለው ይሠራል፤ ገዢ ያገኛል፣ ጥራቱን ያያል፣ ስሙን መያዣ ያደርጋል። ኬላው ግን ቆሞ ብቻ ይቀበላል። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ልዩነት ያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ግድግዳው ቆርቆሮ የሆነ አንድ የፕሌይስቴሽን ቤት አለ። ጤፍ የሚሸጥልኝ ደንበኛዬ ጋ ወረፋ ሲበዛ እዚያ ደጃፍ መቆም ልማዴ ሆኗል። ባለቤቱ ሃያዎቹን ያጋመሰ ወጣት ነው፤ አባቱ በዚሁ በረንዳ ጆንያ ሲሸከሙ ኖረው ወገባቸውን ስለ ታመሙ ቤት ውለዋል። ሁለት ያገለገሉ ማሽኖች አሉት። ቀን የሰፈሩ ልጆች በየጨዋታው እየከፈሉ ኳስ ይጫወቱባቸዋል፤ ለዚህ ኢንተርኔትም ሆነ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ማታ ቤቱን ከዘጋ በኋላ ግን አንደኛው ማሽን የእርሱ ብቻ ይሆናል። ጆሃንስበርግ ሱቅ ከፍቶ ከሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ጋር የሚገናኘው በእርሱ ነው።

«ጋሼ፣ በስልክ ስናወራ የምናወራው ገንዘብ ነው» አለኝ አንድ ቀን። «እዚህ ውስጥ ግን እንደ ድሮው እንጣላለን።»

የሚጫወቱት ፋይናል ፋንታሲ 14 የተባለውን የጃፓኑን ስኩዌር ኤኒክስ ኩባንያ ሥራ ነው። ይህ እንደ ኳሱ ሁለት ሰው ተጋጥሞ የሚለያይበት ጨዋታ አይደለም፤ ብዙ ሺህ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚውሉበት፣ የሚነግዱበት፣ ማኅበር የሚመሠርቱበት ዓለም ነው። ዓለሙ የተሠራው በኩባንያው ኮምፒዩተሮች ላይ ስለሆነ ኪራዩ በየወሩ ይከፈላል፤ ዝቅተኛው 13 ዶላር ገደማ ነው። ታላቅየው ከኮምፒዩተር፣ ታናሽየው ከፕሌይስቴሽን እየገቡ አንድ መንደር ውስጥ ይገናኛሉ።

ይህ መገናኘት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ኮንሶል የሚባሉት እነዚህ የጨዋታ ማሽኖች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አጥር ያለው ግቢ ናቸው። ማሽኑን የሸጠው ኩባንያ መደብሩንም፣ መታወቂያውንም፣ የገንዘብ መቀበያውንም ይዟል፤ በግቢው ውስጥ ከሚሸጠው ነገር ሁሉ ድርሻውን ያነሣል፤ ጨዋታ ሠሪው የሚያወጣውን እያንዳንዱን ማሻሻያም አስቀድሞ ይመረምራል። በየጊዜው የሚለወጥና ከደንበኛው ጋር በቀጥታ በወር የሚተሳሰብ ጨዋታ ለእንዲህ ያለ ግቢ የማይመች እንግዳ ነው። ደንበኛው የማን ነው? የግቢው ባለቤት ነው ወይስ የጨዋታው? ጠቡ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ተግባብቶ መሥራት እንደሚቻል ግን ቀድሞ ታይቷል። የዚሁ ኩባንያ ፋይናል ፋንታሲ 11 እ.ኤ.አ. በ2002 በፕሌይስቴሽን 2 ላይ ወጥቶ፣ በዚያው ዓመት ወደ ኮምፒዩተር፣ በ2006 ደግሞ ወደ ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360 ተሻግሯል፤ የሦስቱም ማሽኖች ተጫዋቾች በአንድ ዓለም ውስጥ ይውሉ ነበር። ታዲያ ተከታዩ ጨዋታ በነሐሴ 2013 በአዲስ መልክ በፕሌይስቴሽን 3 ላይ ሲወጣ ኤክስቦክስ ላይ ለመድረስ እስከ መጋቢት 2024 መቆየቱ ለምንድን ነው? እንቅፋቱ የደንብ ነበር። የጨዋታው ዋና አዘጋጅ ናኦኪ ዮሺዳ ተጫዋቾች በማሽን ዓይነት እንዲከፋፈሉ እንደማይፈልጉ፣ የማይክሮሶፍት ደንብ ደግሞ ከሌላ መረብ ሰው ጋር መደባለቅን እንደማይፈቅድ በወቅቱ በግልጽ ተናግረዋል። ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀው ድርድር መጨረሻው ምን ሆነ? በኤክስቦክስ የሚገባ ሰው ለስኩዌር ኤኒክስ ወርኃዊ ኪራዩን ይከፍላል፤ ከዚያ ላይ የማይክሮሶፍትን የጌም ፓስ ክፍያ ይጨምራል። ለአንድ በር ሁለት ቀረጥ! (ፕሌይስቴሽን ለዚህ ጨዋታ ተጨማሪውን ክፍያ አይጠይቅም፤ ስለዚህ አያስፈልግም ነበር ማለት ነው።)

ሶኒንም ብፁዕ አድርጌ ማቅረቤ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ፎርትናይት የተባለውን ጨዋታ የሚወዱ ልጆች ከሌላ ማሽን ጓደኞቻቸው ጋር እንዳይጫወቱ ሶኒ እስከ መስከረም 2018 ድረስ በሩን ዘግቶ ቆይቷል። በሩን ከከፈተም በኋላ፣ ገቢው ወደ ሌላ ግቢ ሲሸሽበት የሚካካስበትን ክፍያ ከጨዋታ ሠሪዎች ይጠይቅ እንደነበር በ2021 በኤፒክና በአፕል ኩባንያዎች ክርክር ላይ ይፋ ሆኗል። ከዚህ በኋላ «የምንዘጋው ለደንበኛው ደኅንነት ነው» የሚለውን መልስ ማን በየዋህነት ይሰማል?

የእነርሱንም ወገን ክርክር በሚዛን ማስቀመጥ ይገባል። አጥሩ የሚሰጠው ነገር አለ። በግቢው ውስጥ አጭበርባሪ ይቀንሳል፣ ሕፃናት ይጠበቃሉ፣ ማሽኑም ሲሸጥ ትርፉ አነስተኛ ስለሆነ ኩባንያው ኪሳራውን ከሌላ ቦታ መመለስ አለበት። ይህን ሁሉ የሚሠራ ኩባንያ እንደ በረንዳው ደላላ ነውና ኮሚሽኑ ይገባዋል። ነገር ግን ዓለሙን የሠራው ሌላ፣ የሚያስተዳድረው ሌላ፣ ኪራዩንም በየወሩ የሚሰበስበው ሌላ ሆኖ ሳለ፣ በደጃፉ በማለፋችሁ ብቻ ክፈሉ የሚለው ኬላ ነው።

ወደ ቆርቆሮው ቤት ልመለስ። ልጁ በሶኒ መረብ ላይ የደቡብ አፍሪካ ሰው ነው። መታወቂያውን ሲከፍት አገርህን ምረጥ የሚለው ዝርዝር ላይ ኢትዮጵያን አላገኛትም፤ ወንድሙ ያለበትን አገር መረጠ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የሰው ዜግነት ግን ቢያንስ በር ይከፍታል። ሙሉውን ጨዋታ መግዛት ስላልቻለ የሚጫወተው በነጻ የሙከራ ፈቃድ ነው። ባሳየኝ ጊዜ ወንድሙ ሲጋብዘው ቡድን ውስጥ ይገባ ነበር፤ ራሱ ግን ቡድን መሥርቶ ሰው መጥራት አይችልም። የሚይዘው ገንዘብ ጣሪያ አለው። በጨዋታው ዓለም ባለው ገበያ ላይም መሸጥና መግዛት አይፈቀድለትም። እህል በረንዳ ተወልዶ ያደገ ልጅ ገበያ ደጃፍ ቆሞ ሲመለከት ይውላል!

ዝርዝሩ ቁም ነገር መሆኑን ዓለም የተረዳው በግንቦት 2024 ነው። ሶኒ ያሳተመውን ሄልዳይቨርስ 2 በኮምፒዩተር የሚጫወቱ ሁሉ የሶኒን መታወቂያ እንዲያወጡ አዘዘ፤ የሶኒ መረብ ያልተፈቀደባቸው አገሮችና ግዛቶች 177 ያህል ስለነበሩ ጨዋታው በእነዚያ ቦታዎች ከሽያጭ ወረደ። ያኔ ከመላው አፍሪካ በዝርዝሩ ላይ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበረች። ተጫዋቾች በቁጣ ተነሡ፤ ትእዛዙም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሻረ። ሽያጩ ግን በእነዚያ አገሮች ወዲያው አልተመለሰም። ለትእዛዙ መሻር የጮኹት በአብዛኛው የሰፊ ገበያ አገሮች ዜጎች እንደሆኑ እገምታለሁ፤ እኛማ ድሮም ስላልተቆጠርን ስንጎድል ማን ያስተውላል?

እዚህ ላይ አቁሜ ባዕዳንን ብወቅስ ብዙ ጭብጨባ ባገኘሁ። ነገር ግን ከሶኒ ኬላ በፊት የእኛው ኬላ አለ። ደንበኛውን አማራጭ ያሳጣ የመንግሥት ቴሌ እስከ 2022፣ ሳፋሪኮም ሥራ እስኪጀምር ድረስ ብቻውን ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲጠፋ ወርኃዊ ኪራይ የከፈለ ሰው ቀኑ መቆጠሩን አላቆመለትም። ገንዘቡም እንደዚያው ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር አለ፤ ልጁም በስልኩ ውስጥ ባለው ብር አገር ውስጥ ብዙ ነገር ይከፍላል። ያ ብር እስከ ጃፓን ኩባንያ የሚደርስበትን መንገድ ግን አላገኘለትም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የ13 ዶላሩ ኪራይም ከ740 ብር ወደ 1,300 ብር ዘለለ ማለት ነው። ውድ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ይህንንም ለመክፈል ፈቃደኛ ነበር። የሚቀበለው ነው የጠፋው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው «ለስንዴና ለመድኃኒት ያልበቃ ዶላር ለጨዋታ ይውጣ ነው የምትለው?» ብሎ ተቆጣ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ መውጣቱ አልቀረም፤ የሚወጣው በጨለማ ነው። ልጁ አንድ ጊዜ በቴሌግራም የመደብር ካርድ ከሚሸጡት አንዱን አግኝቶ በጥቁር ገበያ ሂሳብ ከፈለ። የተላከለት ቁጥር አስቀድሞ ያለቀ ሆኖ ተገኘ። ሻጩም ጠፋ። ለማን ይክሰስ? ለሶኒ ቢጽፍ፣ በመዝገቡ ጆሃንስበርግ የሚኖር ሰው ስለ መርካቶ ግብይት አቤት ማለቱ ነው፤ መታወቂያው ራሱ ሊዘጋበት ይችላል። ለፖሊስ ቢሄድ፣ ስለ ጥቁር ገበያው ዶላር መጀመሪያ የሚጠየቀው ራሱ ነው።

«እህል በረንዳ ቢሆን ኖሮ ደላላው ይጠየቅ ነበር» አለኝ እየሣቀ። ሣቁ ግን ብዙም አልቆየም፤ የሄደበት የሁለት ሳምንት ገቢው ነው።

ብሔራዊ ባንክ ለጥናት፣ ለሶፍትዌርና ለመዝናኛ የሚውል፣ በወር እስከ 20 ዶላር የሚደርስ ክፍያ ማንም ዜጋ በስሙና በብሩ በአገር ውስጥ ባንክ በኩል እንዲከፍል ቢፈቅድ፣ ገንዘቡ በመዝገብ ይታያል፤ የደንበኞቻችን ቁጥርም ይታወቃል። ሶኒንና ማይክሮሶፍትን ኢትዮጵያን በዝርዝራችሁ ላይ አስገቡ ለማለት የምንይዘው ማስረጃ ይኸው ቁጥር ነው፤ አሁን ግን ያ ቁጥር በደቡብ አፍሪካ ስም ተመዝግቦ ተቀምጧል።