ክፍሉ የጨመረው ድምፅ

ሰው የራሱን ቤት ሽታ ለይቶ አያውቅም። የራሱን ክፍል ድምፅም እንደማያውቅ የተማርኩት ደብረ ብርሃን ላይ ነው፤ ትምህርቱ የአጎቴን በገና ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረውም።

አጎቴ የሚኖሩት አንኮበር ነው። ቁርጥማት ጣቶቻቸውን እየያዘ ስለመጣ፣ ሳይመሽ በገናቸውን እንቅዳ ብዬ ጓደኛዬ ዘንድ አመጣኋቸው። ጓደኛዬ ደብረ ብርሃን ከእናቱ ግቢ ያለችውን የጭቃ ክፍል ስቱዲዮ አድርጓታል፤ ሦስት ሜትር ተኩል በሦስት ሜትር ተኩል ናት። ቀረጻው ሰመረ። ሁለቱን ሞኒተር ስፒከሮች በየማዕዘኑ ሸጉጠን፣ ወንበራችንን ከኋላው ግድግዳ አስደግፈን ስናዳምጥ ግን ወፍራሙ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ባስ በዝቷል ብለን ቀነስን። አሁንም በዝቷል ብለን ደግመን ቀነስን። በመጨረሻ ደስ አለን።

ቅጂውን ይዤ አንኮበር ሄድኩ። አጎቴ በጆሮ ማዳመጫ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ይኼ በገና ነው ወይስ ዝንብ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ የእንዝራው ንዝረት ብቻ ቀርቷል። አልተቆጡም፤ ጣቶቻቸውን ግን ዐየት አደረጉ። ዳግመኛ እንዳይደረድሩ ጣቶቻቸው አልታዘዝ ብለው ነበር።

ጥፋቱ የኛ እንጂ የበገናው አልነበረም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር ነው፤ የክፍላችንን ስፋት ያህል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ድምፅ በትይዩ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ በራሱ ላይ ይደራረባል፤ ከግድግዳው ሥርና ከማዕዘኑ ይከማቻል። እኛ ደግሞ ስፒከሩንም ጆሯችንንም ያስቀመጥነው እዚያው! ክፍሉ የጨመረውን ከበገናው ላይ ቀነስን።

እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ዋላስ ሳቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር፣ ንግግር በማስተጋባት የሚጠፋበትን አንድ አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዞ ነበር። ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ እያስመጣ፣ ድምፁ ለመጥፋት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት በሌሊት ይለካ ነበር። ትራስ ሲበዛ ማስተጋባቱ ያጥራል። የኛ ትራስ ባና ሆነ።

በመጀመሪያ ስፒከሮቹን ከማዕዘን አወጣን፤ ወንበሩንም ከግድግዳው አራቅን። ሁለቱ ስፒከሮችና የአዳማጩ ራስ ጎኖቹ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ አደረግን። ከዚያ እኔ ተቀምጬ ጓደኛዬ በጎን ግድግዳው ላይ መስተዋት አንሸራተተ፤ ስፒከሩ በመስተዋቱ ውስጥ በታየኝ ቦታ ባና ሰቀልን። ባና ግን ቀጭኑን ድምፅ እንጂ ወፍራሙን አይውጥም። ለእሱ ሱፍ የታጨቀበት ጆንያ በየማዕዘኑ እስከ ጣሪያ ቆለልን። የተረፈውን ብቻ በስፒከሩ ጀርባ ባለችው የባስ መቀነሻ አስታገስን።

ደግነቱ የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ ተቀምጦ ነበር። በተስተካከለው ክፍል ብናዳምጠው የሚቀነስ ነገር አጣንበት።

አንኮበር ተመልሼ የጆሮ ማዳመጫውን ለአጎቴ አደረግሁላቸው። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ጥቂት ቆይተው፣ እነዚያ አልታዘዝ ያሉ ጣቶች በጉልበታቸው ላይ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ጀመሩ።