ወረቀቱ ላይ ያለው ዲናሞ ነው

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ነርስ ነበርኩ። የክትባት ዘመቻ በመጣ ቁጥር ቤት ለቤት እዞራለሁ፤ ደጃፍ ቆሜ «ቤቶች!» ሳልልና «ግቡ» ሳልባል ግን ደፍ አልፌ አላውቅም። የአዘዞ ጎረቤቶቼ ዛሬም «ሲስተር» ይሉኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት የራሴ በር ተንኳኳ። ሁለት ፖሊሶች ናቸው። ተከራዬ የተሰረቀ የውሃ ዲናሞ ግቢዬ ውስጥ ደብቋል ተብሎ ከፍርድ ቤት የብርበራ ትእዛዝ ይዘዋል። መነጽሬን ላምጣ ብዬ ወረቀቱን አነበብኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በወጣትነቴ የደርግን አሰሳ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ያኔ ማን ወረቀት ይጠይቃል!

ዲናሞው አልተገኘም። አንደኛው ግን የልጅ ልጄን ላፕቶፕ አንስቶ «እማማ፣ የዚህስ ደረሰኝ አለዎት?» አለኝ።

«ልጄ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ዲናሞ ነው» አልኩት። ጓደኛውን አየት አደረገና መልሶ አስቀመጠው።

ድፍረቱ የመጣው ከንባብ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን ቤት ከመበርበር ይጠብቃል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በቁጥር 33 ትእዛዙ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ ይጻፍ፣ ፖሊስም ከዚያ ውጭ አይያዝ ይላል። የተያዘው ይመዘገባል፤ ከተቻለ ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርማል። ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ያለ ትእዛዝ የሚገባበትም ጊዜ አለ፦ ተጠርጣሪው እየተባረረ ቤት ሲገባ፣ ወይም ከ3 ዓመት በላይ በሚያሳስር ወንጀል አቤቱታ ቀርቦ ማስረጃው ትእዛዝ እስኪወጣ ይሸሻል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲታመን።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መበርበርን ፈቅዶ ነበር። በእነዚያ ወራት ውሻ በጮኸ ቁጥር እነሣ ነበር፤ ልጆቹንም ልብሳቸውን እንደለበሱ ነበር የማስተኛቸው። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. አበቃ፤ እንቅልፌ ግን ወዲያው አልተመለሰም።

ፖሊሶቹ ሲወጡ የልጅ ልጄ «አያቴ፣ በሌሊት ቢመጡስ?» አለችኝ።

«ማንነታቸውንና ወረቀቱን ጠይቂ። ጎረቤት ጥሪ። ሰዓቱን ጻፊ። በሩን ግን ይዘሽ አትታገያቸው፤ ከከለከልሻቸው በኃይል እንዲገቡ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል።»

በማግሥቱ ቆሞ የከረመውን የግድግዳ ሰዓት አውርዳ ባትሪውን ቀየረችው።