በእግር የሚኬድ ጫጉላ

«ለጫጉላ የት እንሂድ?» የምትሉኝ ሙሽሮች ስለበዛችሁ መልሱን እዚህ ልጻፈው። መልሴ አጭር ነው፦ ወደ ግሪክ ደሴቶች፣ ወደ ቀርጤስና ወደ ናክሶስ ሂዱ፤ ስትደርሱም በእግራችሁ ሂዱ። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

የእኛ ሰርግ የሁለት ሰዎች ብቻ አይደለም። ከሽምግልናው ጀምሮ እስከ መልሱና ቅልቅሉ የሁለት ቤተሰብ፣ የዕድር፣ የሰፈርና የመሥሪያ ቤት ነው። እወደዋለሁ፤ እንዲያ ሆኖ እንዲቀጥልም እመኛለሁ። ነገር ግን በእነዚያ ሳምንታት ሙሽራውና ሙሽሪት ለብቻቸው ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ጊዜ የለም። ቢያወሩም ስለ ድንኳን፣ ስለ ጥሪ ካርድ፣ ስለ ሚዜዎች ልብስ ነው። ከዚያ ሁሉ ግርግር በኋላ ሆቴል ገብተው ገንዳ ዳር ሲጋደሙ ሰውነታቸው ያርፋል፤ ወሬው ግን አይመጣም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲራመድ ይመጣል። ፊት ለፊት ተቀምጦ ለመናገር የሚከብድ ነገር ዓይን መንገዱ ላይ ሲሆን ይቀላል። እኔና ባለቤቴ ስለ ልጅ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ወላጆቻችን እርጅና በወጉ ያወራነው ዳገት ላይ ነው።

አፈ ታሪኩ ደግሞ ለወሬው መነሻ ይሆናል። ስለ ራሳችን በቀጥታ መጀመር ሲያቅተን፣ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ነበረች ስለምትባል አንዲት ልዕልት እንጀምራለን፤ ሳናስበው ስለ ራሳችን እያወራን እንገኛለን።

ልዕልቷ አሪያድኒ ናት፤ የቀርጤሱ ንጉሥ የሚኖስ ልጅ። አቴናውያን ለአባቷ ሰባት ወጣት ወንዶችና ሰባት ልጃገረዶች ይገብሩ ነበር፤ ልጆቹም የገባ በማይወጣበት ላቢሪንቶስ ውስጥ ለሚኖረው፣ ግማሹ ሰው ግማሹ በሬ ለሆነው ለሚኖታውሮስ ይሰጡ ነበር። የአቴናው ልዑል ቴሴዎስ ከግብሩ ልጆች ጋር አብሮ መጣ። አሪያድኒ ወደደችው። የክር ልቃቂት ሰጠችው፤ ጫፉን በሩ ላይ አስሮ ገባ፣ አውሬውን ገደለ፣ ክሩን ተከትሎ ወጣ። አባቷንና አገሯን ትታ ከእርሱ ጋር በመርከብ ኮበለለች። ናክሶስ ደሴት ላይ አደሩ። ስትነቃ ቴሴዎስ የለም፤ ትቷት ሄዷል።

«ይህ ለሙሽራ የሚነገር ታሪክ ነው እንዴ?» ያለችኝ ዘመዴ አለች። ሟርት መስሏት ነው፤ ስጋቷ ይገባኛል። ታሪኩ ግን እዚያ አያልቅም። በብዛት በሚነገረው ስሪት ዲዮኒሶስ የተባለው አምላክ እዚያው ናክሶስ አገኛት፤ አገባት፤ የሰርጓንም አክሊል ወደ ሰማይ ወርውሮ ኮከብ አደረገላት። ቴሴዎስ ለምን ትቷት እንደሄደ ግን የጥንቶቹ ጸሐፍት ራሳቸው አልተስማሙም፤ አንዱ ከዳት ይላል፣ ሌላው አምላክ አዞት ነው ይላል፣ ሆሜር ደግሞ በእንስት አምላኳ በአርጤሚስ እጅ ሞተች ይላል። እኔና ባለቤቴ ናክሶስ ላይ የትኛውን እንደምናምን ስንከራከር አመሸን። እርሱ ለቴሴዎስ ምክንያት ይፈልግለታል፤ እኔ አልፈልግለትም። ከክርክሩ ሥር ያለው ጥያቄ «ብትተወኝስ?» የሚለው ነበር። በሰርግ ሰሞን ማንም የማይጠይቀው፣ ሁሉም ግን የሚያስበው ጥያቄ ነው። ያን ምሽት ሳንፈራው አነሳነው።

አክሊሉን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ግማሽ ክብ ሠርተው የተደረደሩ ሰባት ያህል ከዋክብት ናቸው፤ በግንቦትና በሰኔ ምሽቶች ከራስ በላይ ከፍ ብለው ይታያሉ። በተክሊል የተጋባችሁ ከሆነ የሙሽሮች አክሊል ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። ግሪኮቹም እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ሲጋቡ በራሳቸው ላይ አክሊል ይደረግላቸዋል።

«የጣዖት ታሪክ እያሳደዱ ጫጉላ ምን ይባላል?» ለምትሉም መልስ አለኝ። እነዚህን ተረቶች የምናነሳቸው ሃይማኖት ስለሆኑ አይደለም። ሰዎች ስለ ፍቅር፣ ስለ ክህደትና ስለ ድፍረት ያሰቡትን የያዙ ናቸው። በየዱካው የምታገኙት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ነው። የናክሶስን ከፍተኛ ተራራ፣ የአማልክቱን አለቃ የዜውስን ስም የያዘውን ዛስን (1,004 ሜትር)፣ በአንደኛው በኩል መውጣት የሚጀመረው ከቅድስት ማሪና ጸሎት ቤት ነው። በዚያው መንገድ ላይ «የመንጎች ጠባቂ የዜውስ ተራራ ወሰን» የሚል ጥንታዊ ጽሑፍ የተቀረጸበት ድንጋይ አለ። በግ የጠፋበት እረኛ ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጥ የኖረበት ተራራ መሆኑን ያ አንድ ድንጋይ ከማንኛውም አስጎብኚ በላይ ይናገራል። ጫፉ ላይ ስትቆሙ የሲክላዲስ ደሴቶች ከበዋችሁ ይታያሉ። ቀኑን ሙሉ አይወስድም፤ ጥላ ግን ስለሌለው በማለዳ ውጡ።

ጉዞው የሚጀመረው ግን ከቀርጤስ ነው። የሚኖስ ቤተ መንግሥት የሚባለው ክኖሶስ ከሄራክሊዮን ከተማ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እንግሊዛዊው አርተር ኤቫንስ በ1900 እ.ኤ.አ. ቁፋሮ ጀምሮ ካወጣው በኋላ ብዙውን ክፍል በሲሚንቶ መልሶ ገንብቶታል፤ ስለዚህ ቀይ ዓምዶቹን ስታዩ የጥንቱንና የእርሱን ለዩ። ሰው ሳይበዛ በማለዳ ግቡ፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ከዚያ ወደዚያው ደሴት ተራሮች።

የሰማርያ ገደል የዚህ ጉዞ ልብ ነው። ከሃንያ ከተማ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ትይዛላችሁ፤ ከባሕር ጠለል 1,230 ሜትር ላይ ካለው ክሲሎስካሎ ተነስታችሁ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳላችሁ። መጀመሪያ ጥድ፣ ከዚያ ጅረት፣ ከዚያ በ1962 እ.ኤ.አ. ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ነዋሪዎቹ የለቀቁት የሰማርያ መንደር። እየወረዳችሁ ስትሄዱ ግድግዳው ከግራና ከቀኝ ይጠጋጋል፤ «የብረት በሮች» የሚባለው ቦታ ላይ ስፋቱ ከ4 ሜትር አይበልጥም፤ ከፍታው ግን ሰማዩን ቀጭን መስመር ያደርገዋል። ክሪ ክሪ የሚባለውን የቀርጤስ የዱር ፍየል ልታዩ ትችላላችሁ። ሕፃኑን ዜውስን ከአባቱ ደብቀው በዋሻ ሲያሳድጉት አማልቲያ የተባለች ፍየል አጠባችው የሚባለው በዚሁ ደሴት ነው። መጨረሻው አጊያ ሩሜሊ የተባለው መንደር ነው፤ ከፊቱ የሊቢያ ባሕር፣ ከባሕሩ ማዶ አፍሪካ። መኪና መንገድ የለውም፤ የምትወጡት በጀልባ ነው፤ የመጨረሻው ጀልባ ካመለጣችሁ እዚያው ታድራላችሁ። ለማደር አስባችሁ ብትሄዱ እንዲያውም የተሻለ ነው፤ ሁሉም በጀልባ ከሄደ በኋላ መንደሩ ለእናንተ ይቀራል።

ስለ አካሄድ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጥንዶች እዚህ ላይ ሲጣሉ አይቻለሁ። ቁልቁለት ከዳገት ይልቅ ጉልበት ይጎዳል። ባለቤቴ ፈጣን ነው፤ እኔ ድንጋይ ላይ እፈራለሁ። ገና ከመነሻው የተስማማነው ቀርፋፋው ፊት ይሁን ብለን ነበር። ቀርፋፋው ኋላ ሲሆን ፈጣኑ እየቆመ ይጠብቃል፤ የዘገየው ሲደርስ ያረፈው ተነስቶ ይቀጥላል፤ የደከመው ሰው ምንም ሳያርፍ ይውላል። ቀርፋፋው ሲመራ ግን ሁለቱም እኩል ይደርሳሉ። ምርኩዝ ያዙ። የተራራ ጫማችሁንም ከሰርጉ አንድ ሁለት ወር በፊት ገዝታችሁ እንጦጦ ወይም ባላችሁበት አገር ዳገት ላይ አለማምዱት፤ በአዲስ ጫማ ገደል የገባ ሰው እግሩ ውሃ ቋጥሮ የቀረውን ሳምንት ያነክሳል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፦ ወሩ። ሰርጋችን የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። የሰማርያ ገደል ክፍት የሚሆነው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ነው፤ ያኔም ቢሆን ዝናብ ወይም ከባድ ሙቀት ካለ ይዘጉታል። በጥር የቀርጤስ ተራሮች በረዶ ለብሰዋል፤ የደሴት ጀልባዎችም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የጥር ሙሽሮች ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ጥቂት ቀን አርፋችሁ ትልቁን ጉዞ ለግንቦት ቅጠሩት። ጫጉላ ከሰርጉ ማግስት ካልሆነ ጫጉላ አይባልም የሚል ሕግ የለም። ከፋሲካ በኋላ የምትጋቡት ዕድለኞች ናችሁ፦ የእኛና የግሪኮቹ ፋሲካ በአንድ ቀን ይውላል፣ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፣ ቀርጤስ አበባ ለብሳለች፣ ፀሐዩም ገና አልከረረም። ሐምሌና ነሐሴን ተዉት። ሙቀቱ ለእግር ጉዞ አይሆንም፤ መልተሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስም ጀልባ ያስቀራል።

በመስከረምና በጥቅምት የምትሄዱ ከሆነ ግን ሌላ መንገድ እመክራችኋለሁ፤ ያኔ ሰማዩም ይለወጣል። የአሪያድኒ አክሊል በምዕራብ ሲጠልቅ በምሥራቅ አንድሮሜዳ ትወጣለች፤ እርሷ ደግሞ በአፈ ታሪኩ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ማለታቸው ነበር እንጂ የዛሬውን ድንበር አይደለም። ያም ሆኖ ስማችን በጥንቱ ሰማይ ላይ ተጽፎ ማየት ልብ ይሞላል። እናቷ ካሲዮጲያ በውበት ከባሕር ልጃገረዶች እንበልጣለን ብላ በመታበይዋ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን አውሬ ላከ፤ ልጅቷ ለአውሬው በዓለት ላይ ታሰረች፤ ጀግናው ጴርሴዎስ ደርሶ አዳናት፣ አገባትም። በቅዱስ ጊዮርጊስና በቤሩታዊቷ ልጅ ሥዕል ሥር ላደገ ሰው ታሪኩ እንግዳ አይሆንበትም። ጴርሴዎስ ቆረቆራት የምትባለው ከተማ ሚኬኔ ናት፤ የአንበሶቹ በር ዛሬም ቆሟል፤ መንገዱን ከእርሷ ጀምሩ።

ከሚኬኔ ወደ ዴልፊ ውጡ። ዴልፊ ላይ አብዛኛው ጎብኚ የአፖሎንን መቅደስ አይቶ በአውቶቡስ ይመለሳል፤ እናንተ ከመንደሩ በላይ ባለው ጠመዝማዛ ጥንታዊ መንገድ ፓርናሶስ ተራራን ይዛችሁ፣ ከ1,300 ሜትር በላይ ወዳለው ኮሪኪያን ዋሻ ውጡ። ደርሶ መልሱ ሙሉ ቀን ነው። ሄሊዮዶሮስ የተባለ ጸሐፊ «ኢትዮጲካ» በሚባለው ጥንታዊ የፍቅር ልብ ወለዱ የኢትዮጵያ ንግሥት ልጅ የሆነችውን ካሪክሊያንና ግሪካዊውን ቴአጌኔስን ያገናኛቸው እዚህ ዴልፊ ነው። ወንበዴ፣ እስርና ጦርነት አልፈው በመጨረሻ የሚጋቡት በዛሬዋ ሱዳን ባለችው በመሮዌ ነው። ኢትዮጵያዊ ሙሽሮች ዴልፊ ላይ ይህን ሳያውቁ ሲያልፉ ያሳዝነኛል።

ኦሊምፖስን የምትጠይቁኝም አላችሁ። የአማልክቱ ተራራ ነውና ይማርካል፤ ነገር ግን ወደ ሚቲካስ ጫፍ (2,918 ሜትር ገደማ) የሚያደርሰው የመጨረሻው ክፍል በእጅም በእግርም የሚቧጠጥ፣ ድንጋይ የሚንከባለልበት ነው። ልምድ ከሌላችሁ ለጫጉላ አልመክረውም። ከሊቶሆሮ ከተማ በኤኒፔዎስ ሸለቆ መራመድ ይበቃችኋል።

ከአዲስ አበባ ለምትነሱ፦ የሸንገን ቪዛ ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን ማመልከቻው የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ያስፈልጋል። ስለዚህ ለግንቦት ጉዞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰነድ ማሰባሰብ ጀምሩ፤ የጋብቻ ወረቀታችሁ እስኪወጣ የሚፈጀውን ጊዜም አስቡበት።

ይህን የምታነቡ ወላጆችና ሚዜዎች ካላችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ከሰርጉ ወጪ ላይ አንዱን ነገር፣ የሊሞዚኑን ሰልፍ ወይም ሁለተኛውን ድንኳን ቀንሱና ለልጆቹ የመንገድ ስንቅ አድርጉላቸው። ቅልቅሉም ከመንገድ እስኪመለሱ ይቆይላቸው።