ለዘፈን የተሄደ መንገድ

ዘፈኑ እኮ ኪሳችን ውስጥ አለ። በፈለግነው ሰዓት፣ ተኝተንም ቆመንም ልንሰማው እንችላለን። ታዲያ ሰው በእጁ ያለውን ነገር ፍለጋ 176 ኪሎ ሜትር ምን ያስኬደዋል? ይህን ጥያቄ አባቶቻችን ጠይቀውናል፤ መምህሮቻችን ጠይቀውናል፤ ከእናንተም አንዳንዶቻችሁ በመኝታ ክፍል ጨዋታ መካከል ጠይቃችሁናል። እስከ ዛሬ በሳቅ ስናልፈው ቆየን። እስቲ አሁን ተቀምጠን እንመልሰው። ነገሩን ስናወጣ ስናወርደው መልሱ የዘፈን ብቻ ሆኖ አላገኘነውም፤ የመንገድም ነው።

ጊዜው ጥር 2010 ዓ.ም. ነው። እኛ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን፤ አገራችን ፍኖተ ሰላም። ሁላችንም ቴዲ አፍሮ የምንለው ቴዎድሮስ ካሣሁን ባሕር ዳር ስታዲየም ኮንሰርት ሊያቀርብ ነው የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። ለማመን ግን ጊዜ ወሰደብን። «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበም በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ወጥቶ አገር አዳርሷል፤ ይሁንና በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊደረግ የነበረው የምረቃ ዝግጅት ተከልክሎ ቀርቷል። ከዚያ በፊትም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጨረሻ 2009 ዓ.ም. አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ከርማለች። ሰው ለደስታ ተሰብስቦ ማየት ብርቅ ሆኖብን ነበር። ከኮንሰርቱ በኋላ ደግሞ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በየካቲት 2010 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው አዋጅ መጣ። እንግዲህ ያ ኮንሰርት የገባው በሁለት አዋጆች መካከል በተከፈተች ጠባብ በር ነው። እኛ ያኔ ይህን የት አውቀን! በር ሲከፈት ማን ስፋቱን ይለካል?

ሰባት ሆነን ለመሄድ ተማከርን። ገንዘቡ የተገኘው እንደየአቅማችን ነው፤ አንዱ የአባቱን በቆሎ ገበያ አድርሶ የተሰጠውን ይዞ፣ አንዱ ሁለት ዶሮ ሸጦ፣ የቀረነው ታላላቆቻችንን ለምነን። ከክፍላችን ሴቶች ልጆች መካከል መሄድ ያልተመኘች አልነበረችም። እንዲያውም ዘፈኖቹን ከእኛ ይልቅ በቃላቸው የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ፤ ግጥሙ ሲጠፋብን የምንጠይቀው እነርሱን ነው። የሄደችው ግን አንዲት ብቻ ናት፤ እርሷም ታላቅ ወንድሟ ከመካከላችን ስለነበረ ነው። ሌሎቹ «ሴት ልጅ በሌሊት መንገድ!» ተብለው ቀሩ። ስለ ኮንሰርት ጉዞ ደስታ የሚያወራ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ የለበትም። መንገዱ አንድ ነው፤ የተጠረገው ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም።

እናቶቻችን ዳቦ ቆሎና ጋቢ ሰጡን። «እማዬ፣ ባሕር ዳር እኮ ሙቀት ነው፤ ጋቢ ምን ይሠራል?» ብንል፣ «እንጅባራንስ በምን ልታልፏት ነው?» አሉን። የፈሩልን ነገር ብርድ ነበር።

መናኸሪያው ገና በጠዋቱ ሞልቷል። ታሪፍ የሚባለው ነገር ለዚያን ቀን ተረስቶ ዋጋው እንደ ሰዉ ብዛት ከፍ አለ፤ ያም ሆኖ ወንበር አልተገኘም። በመጨረሻ በርበሬ አራግፎ ባዶውን ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አይሱዙ አገኘንና ካሶኒው ላይ ወጣን። የበርበሬው ብናኝ ገና አልለቀቀውም ነበርና ዘፈን ቀርቶ ወሬም አልሆነልንም፤ ስናነጥስ ቡሬ ደረስን። ቡሬ ላይ ሌሎች ልጆች ተሳፈሩ። እንጅባራ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ አንዱን ጋቢ ለሦስት ተከናነብንና እናቶቻችንን መረቅን። ዘፈን መጀመሪያ ያነሣው ማን እንደሆነ አናስታውስም፤ እንዳይበርደን ብለን ጀመርን ብንል ለእውነቱ ይቀርባል።

ዳንግላ ስንደርስ ነገሩ ተለወጠ። ከፊታችንም ከኋላችንም መኪና ነው። ሚኒባሱ፣ ቅጥቅጡ፣ አውቶቡሱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳል። አንዱ ሌላውን ሲቀድም እኛ የጀመርነውን ስንኝ እነርሱ ይጨርሱታል፤ እነርሱ የጀመሩትን እኛ እንቀበላለን። በማናውቀው ሰው አፍ ስንኛችን ሲጨረስ ያ የመጀመሪያ ጊዜያችን ነው። ከዚያ በኋላ ረዳቱ እንኳ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ ያጨበጭብ ጀመር።

ዱርቤቴን አልፈን መራዊ ቆምን። መራዊ ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ የሜጫ ከተማ ናት፤ በቆጋ መስኖ ምክንያት ዙሪያዋ በበጋ እንኳ ልምላሜ አያጣም። ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ወረደ፤ እኛም ሸንኮራ ልንገዛ ወረድን። ከዛፍ ጥላ ሥር ዱላቸውን ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌ የመኪናውን ብዛት ሲመለከቱ ቆይተው ጠሩን።

«እናንተ ልጆች፣ ይኼ ሁሉ ጎበዝ ወዴት ነው? ሰርግ ነው?»

«የለም አባባ፣ ዘፈን ልንሰማ ነው።»

«ዘፈን? ከየት ነው የመጣችሁ?»

«ከፍኖተ ሰላም።»

ዝም ብለው ቆዩና፣ «ዘፋኙ ታሟል እንዴ?» አሉን።

«ኧረ ደኅና ነው አባባ!»

«ደኅና ከሆነማ እርሱ ይመጣላችሁ ነበር።»

እስከ ባሕር ዳር ሳቅን። እያደር ግን ሽማግሌው ትክክል መሆናቸው ገባን። በእርሳቸው ዘመን መንገድ የሚሄደው ዘፋኙ ነው። አዝማሪው መሰንቆውን አንግቶ ከሰርግ ሰርግ፣ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ይዞራል፤ ሰሚው ደጁ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅርም ኋላ ሙዚቃውንና ቴአትሩን ይዞ ከአዲስ አበባ ውጭ ዞሯል። በደርግ ዘመን ደግሞ ከቀበሌ ጀምሮ የኪነት ቡድን ነበር፤ የእኛው ጎጃም ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን እነ ይሁኔ በላይን ያፈራ ነው። አባቶቻችን ስለዚያ ሲያወሩ «ኪነት መጣ» ይላሉ እንጂ «ወደ ኪነት ሄድን» አይሉም።

እኛ የካሴት መጨረሻ፣ የስልክ መጀመሪያ ልጆች ነን። ድምፁ ቀድሞ እቤታችን ገባ፤ ሰውየው ግን ራቀ። መሰንቆ በትከሻ ይሄዳል። የዛሬው መድረክ ድምፅ ማጉያ፣ መብራት፣ ጄኔሬተርና ሙሉ ባንድ ይፈልጋል፤ ወጪውን የሚመልሰው ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው የሚይዝ ሜዳ ነው። እንዲህ ያለ ሜዳ በየወረዳው ከየት ይመጣል? ስለዚህ ስንቅ የመቋጠሩ ተራ ከአዝማሪው ወደ ሰሚው ዞረ።

ይሁን እንጂ ከሽማግሌው ጋር አንድ ሙግት አለን። ለዜማ ብሎ አገር ማቋረጥ ለጎጃም ሰው አዲስ ነው እንዴ? የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ሲጓዝ ኖሯል። የሌላው አገር ተማሪም ለቅኔ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ሲመጣ ኖሯል። ምልክቱ እኮ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል፤ ግን ዜማ ከመምህር አፍ ካልሰሙት አይያዝም። ማኅሌትንና ዘፈንን አንድ ማድረጋችን አይደለም፤ አባቶች አይቆጡን። የምንለው ይህን ነው፤ ለአንድ ድምፅ ብሎ መንገድ መጀመርን ከማንም አልተበደርነውም።

ሌላውም ዓለም የራሱ አለው። በአሜሪካ ግሬትፉል ዴድ የተባለውን ባንድ የሚወዱ ሰዎች፣ ባንዱ ከተመሠረተበት ከ1965 እስከ ተበተነበት እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ በአሮጌ መኪና እየተከተሉ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ኖረዋል። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሊ 60ኛ ዓመት ልደት መስቀል አደባባይ ላይ በኮንሰርት ሲከበር፣ የሻሸመኔ ራስተፈሪያኖች 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ ሌሎችም ባሕር ተሻግረው መጥተዋል። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ ሲሰበስባቸው፣ ቀን ኳስ፣ ማታ ዘፈን ነው። ከዚያም ውስጥ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ የሚደርስ ሞልቷል።

ወደ ባሕር ዳር እንመለስ። እውነቱን እንናገርና ዘፋኙን አየነው ለማለት ይከብዳል። መድረኩ ሩቅ ነው፤ ሰውየው አውራ ጣት ያህላል። ድምፁም በነፋስ እየተወሰደ እየተመለሰ ነው የሚደርሰን፤ ለድምፅ ጥራት ከሆነ ስልካችን ይሻላል። የሄድንበትን ነገር ያገኘነው እዚያው በቆምንበት፣ በግራና በቀኛችን ነው። ከአዲስ አበባ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተው የመጡ ነበሩ። ከጎንደር የመጡ ነበሩ። የባንክ ሠራተኛ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ ጫማ የሚጠርግ ልጅ፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ቆሟል። ዘፈኑ ተነሥቶ ያ ሁሉ ሰው በአንድ አፍ ሲቀበል፣ ለየብቻችን በጆሮ ማዳመጫ የሰማነው ቃል የሌላም ሰው ሆኖ ተሰማን። ሰው ለብቻው የሚወደውን ነገር ያፍርበታል፤ «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» ይላል። ለካ ብቻችንን አልነበርንም! ይህን ስልክ አይነግርም። የአባቶቻችን ጥያቄ አንዱ መልስ እንግዲህ ይኸው ነው።

ያች አንዲት ጓደኛችን ድምፅዋ እስኪዘጋ ዘፈነች። ተመልሰን ክፍል ስንገባ የቀሩት ሴቶች ልጆች ከበው «ንገሪን!» አሏት። ድምፅ ስላልነበራት በሹክሹክታ ነው የተረከችላቸው፤ እነርሱም እንደ ምስጢር ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ።

ስንመለስ ሌሊት ነበር። ያው አይሱዙ፣ ያው ካሶኒ። መራዊን፣ ዱርቤቴን፣ ዳንግላን ስናልፍ አብዛኞቻችን እንቅልፍ ወስዶናል። እንጅባራ ላይ ብርዱ ቀሰቀሰን፤ ጋቢውን ተሻማንና ደግመን ተኛን። በሌሊት፣ ክፍት መኪና ላይ፣ እንቅልፍ! ያኔ ይህ ምንም ነገር አልመሰለንም።

ዘመኑ ጥሩ ነበር ልንል አይደለም፤ ስለ አዋጆቹ ከላይ ተናግረናል። ነገር ግን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ጦርነቱም በዚያው መንገድ ግራና ቀኝ ገባ። መኪና ስንሳፈር የምንጠይቀው «ስንት ሰዓት እንደርሳለን?» መሆኑ ቀርቶ «መንገዱ ተከፍቷል?» ሆነ። ሸንኮራ የገዛንባት መራዊ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰላማዊ ሰዎች የተገደሉባት ከተማ ሆነች፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን አረጋግጫለሁ ሲል አስታውቋል። ያን ዜና ስንሰማ መጀመሪያ ትዝ ያሉን እኒያ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን አናውቅም፤ ደኅንነታቸውን ማንን እንጠይቅ? ያን ዕለት ሸንኮራ የመተረችልን ልጅስ? እኛ መራዊን የምናውቃት በሳቅ ነበር።

ከሰባታችን ዛሬ አንድ ግቢ የምንገኘው ሦስት ነን። አንዱ አዲስ አበባ ሥራ ይፈልጋል፤ አንዱ ድንበር ተሻግሯል፤ የሁለቱን ወሬ ከሰማን ቆይተናል። አንዳንድ ማታ መብራት ሲጠፋ ከሦስታችን አንዱ ከነዚያ ዘፈኖች አንዱን ያነሣል። ዳንግላ ላይ ከሌላ መኪና ሆኖ ስንኙን የጨረሰልን ሰው የት ይሆን? እንላለን። ማን ነበር? የማን ወገን ነው? ያኔ ይህን የጠየቀ አልነበረም፤ ስንኙን ማወቁ በቂ ነበር።

ፍኖተ ሰላም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚያ ስም በምትጠራ ከተማ ተወልደን ስሙን በመናኸሪያ ሰሌዳ ላይ ስናነበው አደግን፤ አንድም ቀን ትርጉሙን አስበነው አናውቅም። አሁን ሰላም ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁን ትልልቅ ቃል አናወጣም። ልጆች ለዘፈን ብለው ሄደው፣ በሌሊት ካሶኒ ላይ ተኝተው የሚመለሱበት መንገድ ነው እንላለን። አባቶቻችን «ለዘፈን ብሎ መንገድ!» ብለው የተገረሙት፣ መንገዱን እንደ ውኃና እንደ አየር ሁልጊዜ ያለ ነገር አድርገው ስላዩት ነው። እኛም እንዲያው ነበር ያየነው።

እናቶቻችን ዛሬም ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንነሣ ጋቢውን አጥፈው ይሰጡናል። ስለ እንጅባራ ብርድ ግን ካነሡ ቆይተዋል። ኮንሰርት ይደርሳል፤ ትኬቱም በጊዜው ይቆረጣል። ከዚያ በፊት የምንመኘው፣ እናቶቻችን እንደ ድሮው ብርድ ብቻ የሚፈሩልንን መንገድ ነው።