ከድልድዩ የተነሣው ፊታውራሪ

የጦር አበጋዞችን ታሪክ ማንበብ የሚወድ ሰው በሀገራችን ጥቂት አይደለም። እኔ ግን ዛሬ ታሪኩን የምተርክለት አበጋዝ እናት ያልወለደችው፥ ደመወዝ ያልተቆረጠለት፥ መቃብሩም በምድር ላይ የማይገኝ ሰው ነው። የኖረው በአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ነው። ይህን ስል ፊታቸውን የሚያጠቁሩ አንባቢዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ጨዋታ የልጆች ነው፥ ጊዜንም ያባክናል የሚለው ነቀፋ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ዘወትር የሚሰማ ነውና። ዳሩ ግን የቀድሞ መኳንንቶቻችን በሰንጠረዥ ንጉሥና ፈረስ እያንቀሳቀሱ ሲከራከሩ ይውሉ ነበር። እንዲያውም በእኛ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወድቅ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድነት የሚንቀሳቀሱበት «ወረራ» የሚባል ክፍል አለ፤ ይህም ከፈረንጁ ሰንጠረዥ ይልቅ ለእውነተኛው ጦርነት የቀረበ ይመስለኛል።

ጨዋታው «ሜዲቫል ሁለት፦ ቶታል ዋር» ይባላል። ያዘጋጀው ክሪኤቲቭ አሴምብሊ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሲሆን፥ በሴጋ አሳታሚነት በ2006 ለገበያ ቀረበ። (ከአንድ ቦታ በቀር በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተጫዋቹ ከመካከለኛው ዘመን መንግሥታት አንዱን ይመርጥና ከ1080 እስከ 1530 ድረስ በ225 ተራ ያስተዳድራል፤ ግብር ይጥላል፥ ግንብ ይሠራል፥ ሴት ልጁን ይድራል፥ ይዋጋል። እያንዳንዱ ተራ 2 ዓመት ነው። ነገር ግን ሰዎቹ በአንድ ተራ የሚያረጁት ግማሽ ዓመት ብቻ ስለሆነ፥ ዘመኑ ከሰዎቹ ዕድሜ አራት እጥፍ ይሮጣል። ይህን ነገር አንባቢዬ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጨዋታውን ያስተማረኝ ከእኔ ጋር የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። የመረጥነው እስፓኝን ነበር፤ መነሻችንም ሌዎንና ቶሌዶ ነበሩ። ታሪክ አስተማሪ መሆን ክፉ ልማድ አለውና፥ ቶሌዶን ንጉሥ አልፎንሶ 6ኛ የያዘው በ1085 ስለሆነ በ1080 የእኛ ልትሆን አይገባም ብዬ ተከራከርኩ። ልጁም «ጋሼ፥ ከተማ ሲሰጡን እንቢ እንበል?» አለኝና ጨዋታው ተጀመረ።

በጨዋታው ሕግ ከንጉሡ ቤተሰብ የሆነ መሪ የሌለው ጦር በሻምበል ይመራል። ሻምበል ስም አለው እንጂ ታሪክ የለውም፤ ዕድሜው አይጻፍም፥ ጠባዩ አይመዘገብም። በ8ኛው ተራ፥ ማለት በ1096፥ የሙሮች ጦር ወደ ቶሌዶ ገሠገሠ። ንጉሡ ሩቅ ነበር፤ አልጋ ወራሹም በሌዎን ነበር። ከቶሌዶ በስተደቡብ ባለው ድልድይ ላይ የቆመው አንድ ሻምበል ብቻ ሲሆን፥ ከእርሱ ጋር የነበሩት ባለ ጦር እግረኞችና ጥቂት ቀስተኞች ከጠላት ሲሦ አይሞሉም ነበር። እግረኞቹን በድልድዩ አፍ ላይ በግማሽ ክብ አቆምናቸው፤ ቀስተኞቹን ከኋላ አደረግን። ከዚያ በኋላ ያለውን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ድልድይ ብዙውን ሰው ጥቂት ያደርገዋል። ጠላት ሦስት ጊዜ ገባ፤ ሦስት ጊዜም ተመለሰ። በአራተኛው አዛዣቸው ወደቀና ተበተኑ።

በሚቀጥለው ተራ አንድ ደብዳቤ መጣ፦ ይህ ሰው በጀግንነቱ ከንጉሡ ቤተሰብ ጋር በማደጎ ይቀላቀል ዘንድ ትፈቅዳለህን? የሚል። ፈቀድን። ወዲያው ሻምበሉ ፊት አገኘ፤ የ27 ዓመት ዕድሜ፥ የክብር ዘብ ፈረሰኞች፥ የቤተሰብ ሐረግም ተሰጠው። እስፓኛዊ ስሙ ለአንደበታችን ስላልተመቸ በቤታችን «ፊታውራሪ» ተባለ። እናቴ እንኳ፥ ዘጠና ዓመት የቀረባት ሴት፥ ቡና ስትጠጣ «ፊታውራሪ ዛሬ ወዴት ዘመቱ?» ማለት ጀመረች።

ክርክሩ የተነሣው በምርኮኞች ምክንያት ነው። ከድል በኋላ መኪናው ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ይለቀቁ፥ በቤዛ ይሸጡ፥ ወይስ ይገደሉ? ቤዛውን የጠላት ንጉሥ ካልከፈለ ይገደላሉና ሁለተኛው ምርጫ ከሦስተኛው ብዙ የራቀ አይደለም። የሚለቅ አዛዥ በባሕርይው መዝገብ ላይ ጨዋነት ይጨመርለታል፤ የሚገድልም አስፈሪነት። የእህቴ ልጅ ጨካኝ ልጅ አይደለም፤ ነገር ግን ሒሳብ ያውቃል። «ጋሼ፥ እነዚህን ለቀቅናቸው ማለት ነገ ድልድዩ ላይ ጠብቁን አልናቸው ማለት ነው» አለኝ። በጨዋታው ሕግ እውነቱን ነበር።

እኔ ግን ሌላ ሒሳብ ነበረብኝ። ታላቅ ወንድሜ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በእኛ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ተማርኮ፥ ሁለቱ መንግሥታት ምርኮኞቻቸውን በተለዋወጡበት በ1980 ዓ.ም. ወደ ቤቱ ተመለሰ። በነዚያ ዓመታት ጎረቤት ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ተዝካሩ ይውጣለት ብሎ እናቴን መክሯት ነበር፤ እርስዋ ግን ሬሳውን ሳላይ አላወጣም አለች። ሲመለስ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ትቶኝ ሲሄድ የ8 ዓመት ልጅ ነበርኩና፥ ወንድሜ በገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለዚህ በመስኮቱ ላይ «312 ምርኮኞች» የሚል ጽሑፍ በወጣ ጊዜ ቁጥሩን እንደ ቁጥር ለመመልከት አልተቻለኝም። ይህን ለልጁ ነገርኩት። አጎቱን የሚያውቀው ከእርጅናው በኋላ ስለሆነ ነገሩን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ምንም ሳይመልስ «ይለቀቁ» የሚለውን ነካ። ከዚያን ቀን ወዲህ ፊታውራሪ ምርኮኛ ገድሎ አያውቅም።

ሆኖም የጨዋታውን ሠሪዎች በአንድ ነገር እነቅፋቸዋለሁ። ጨዋነትና አስፈሪነት በአንድ ሚዛን ግራና ቀኝ ተቀምጠው ሁለቱም ደመወዝ አላቸው፤ ጨዋው የገዛ ወታደሮቹን ልብ ያበረታል፥ አስፈሪው የጠላትን ልብ ያርዳል። ምሕረት ያደረገ ሁሉ ወዲያው ይከፈለዋል። የወንድሜን እስር ቤት በር የከፈተው ሰው ግን ምን እንደ ተከፈለው የጻፈ መዝገብ የለም።

ቫሌንሲያን የወሰድነው በ14ኛው ተራ ነው። በዚያች ከተማ የተቀመጠው ለማንም ንጉሥ የማይገዛው ኤል ሲድ ነበር። እርሱ በታሪክ ሮድሪጎ ዲያዝ የተባለው፥ በ1081 ንጉሥ አልፎንሶ ከሀገር ያስወጣው፥ ከዚያም ለሳራጎሳ እስላም ገዢ ያገለገለው፥ በ1094 ቫሌንሲያን በገዛ እጁ ይዞ በ1099 የሞተው ሰው ነው። «ሲድ» የሚለው ማዕረግ እንኳ ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን ጌታ ማለት ነው። በእኛ ጨዋታ ግን ዘመኑ 1108 ሆኖ ሳለ ሽማግሌው ገና በሕይወት ነበር። ከሞተ በኋላ ሬሳውን በፈረስ ጭነው ጠላትን አሸበሩበት የሚል አፈ ታሪክ አለና፥ የሞተ ሰው ሲዋጋ ለኤል ሲድ የመጀመሪያው አይደለም ብዬ ቀለድኩ። ፊታውራሪ መሰላሎቹን በምሥራቅ ግንብ፥ በር መስበሪያውን በደቡብ አድርጎ ገባ። የመጨረሻው ውጊያ በከተማይቱ አደባባይ ሆነ። በአደባባይ የቆመ ጠባቂ እስኪሞት ይዋጋል እንጂ አይሸሽም፤ ስለዚህ ኤል ሲድን ለመማረክ የሚቻል አልሆነም። አንዱ ባላባት ያልነበረ፥ ሌላው ከባላባቱ የተጣላ፥ ሁለት የሰይፍ ልጆች በአንድ አደባባይ ተገናኙ፤ ሽማግሌው ወደቀ። ልጁ ደስ አለው። እኔ እምብዛም ደስ አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት በፍጥነት አለፉ። ከመካከላቸው የማይረሳው ጳጳሱ በኢየሩሳሌም ላይ የመስቀል ጦርነት ባወጁ ጊዜ የተደረገው ዘመቻ ነው። የመስቀል ዘመቻ የገባ ጦር ወደ ፊት መራመዱን ካቆመ ወታደሩ እየከዳ ይሄዳልና፥ መርከባችን በዘገየች ቁጥር ሰልፉ ይሳሳ ነበር። ከተማይቱ በተያዘች ጊዜ መኪናው እንደ ልማዱ ዝረፍ፥ ፍጅ፥ ወይስ በሰላም ያዝ? አለን። በ1099 መስቀለኞች ያደረጉት የታወቀ ነው፤ በ1187 ሰላዲን ከተማይቱን በመለሰ ጊዜ ነዋሪዎቹ በገንዘብ ራሳቸውን እንዲዋጁ መፍቀዱም የታወቀ ነው። ፊታውራሪ በሰላም ያዘ። በዚያው ምሽት የካርታውን ደቡብ ለማየት ተመኘሁና የዓባይን ወንዝ ተከትዬ ወረድኩ፤ ካርታው ዶንጎላ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ጥቁር ጠርዝ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በቆሙበት ዘመን ለሚደረግ ጨዋታ ይህ ጠርዝ በጣም ሰሜን ሆኖ ታየኝ።

የተለቀቁት ሙሮችም ልጁ እንዳለው ተመለሱ። በድልድዩ ላይ ብቻ አራት ጊዜ ተዋጋናቸው። ቤተሰቡ ሁለት አዛዦች፥ ከነርሱም አንዱ የንጉሡ ታናሽ ልጅ፥ በዚያ ሞቱበት። ዋጋው ይህን ያህል ነበር፤ ልጁም ዋጋውን አንድ ቀን እንኳ አላነሣብኝም።

ፊታውራሪ በጦር አልሞተም። በቫሌንሲያ ገዢ ሆኖ ተቀመጠ። በከተማ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ አዛዥ መጠጥ እንደሚለምድ የጨዋታው ሠሪዎች ያውቃሉ፤ በመዝገቡ ላይም ወይን መውደዱ ተጻፈ። በ84ኛው ተራ፥ በ1248፥ የ65 ዓመት ሰው ሆኖ በአልጋው ላይ አረፈ። በዘመን መቁጠሪያው 152 ዓመት አገልግሎ፥ በሥጋው ያረጀው 38 ዓመት ብቻ ነበር። ጋሻ ጃግሬውና ሌሎቹ ተከታዮቹ ሁሉ ከእርሱ ጋር ጠፉ፤ በአንድ ስፍራ አብሮት የተቀመጠ ሌላ አዛዥ ስላልነበረ የሚወርሳቸው አልተገኘም። እናቴ ስትሰማ «ነፍስ ይማር» አለችና የሚቀጥለውን ስኒ ተቀበለች።

ጨዋታውን አልጨረስነውም። የእህቴ ልጅ በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። በመኪናው ውስጥ የተቀመጠው መዝገብ እስካሁን አለ፤ አንዳንድ ጊዜ እከፍተውና ካርታውን አያለሁ። ቫሌንሲያ ገዢ የላትም፤ በድልድዩም ላይ አንድ ሻምበል ቆሟል።